«ናቀኝ» አትበሉ፣ ቁጠሩ

ኤግሊንተን ዌስት አካባቢ ቅዳሜ ማታ ሆልደም ፖከር የምንጫወት ጥቂት ወገኖች አለን። ደጋግሜ የታዘብኩት አንድ ነገር አለ። መሐል 60 ዶላር ተከምሮ፣ ቀድሞ የመናገር ተራ የደረሰው ሰው 10 ዶላር ብቻ ሲያስይዝ፣ ከኋላው ያለው «ናቀኝ!» ብሎ ሁለት ቀን ታክሲ የነዳበትን ገንዘብ በሙሉ ይገፋል።

ጎበዝ፣ ይህ ንቀት ሳይሆን ዋጋ ነው! 10 ከፍሎ 70 ለማግኘት ከስምንት አንዴ ማሸነፍ ከኪሳራ ያድናል። አንድ ዓይነት ምልክት ያላቸው አራት ካርታዎች ኖረውት አምስተኛውን በመጨረሻው ካርታ የሚጠብቅ ሰው፣ ካላያቸው 46 ካርታዎች 9ኙ ይረዱታል፤ ከአምስት አንዴ ገደማ ነውና ይክፈል። ጠንካራ የያዘ ይጨምር፤ ተስፋ የሌለው ይጣል።

የተናቀ ክብር በካርታ አይመለስም፤ የቤት ኪራይ ግን በካርታ ይሄዳል።