ከድልድይ ወደ ውድድር መኪና

የድልድይ ሥራዬን ትቼ ፎርሙላ ዋን ልገባ ነው ስላት እማዬ «ሹፌር ልትሆን?» አለችኝ። መሪ የሚይዙት ጥቂቶች ናቸው፤ ከጀርባቸው ግን እንደ ሚልተን ኪንስና ብራክሊ ባሉ የእንግሊዝ ከተሞች በየቡድኑ ብዙ መቶ ሠራተኛ አለ።

ስሌቱ ብዙም አይለወጥም። ጭነት ያው ጭነት ነው፤ ኮንክሪቱ በካርቦን ፋይበር ይተካል እንጂ። የሚለየው ጊዜው ነው። እዚህ እንግሊዝ አገር ድልድይ ሲነደፍ 120 ዓመት እንዲያገለግል ታስቦ ነው። የውድድር መኪና ክንፍ ግን በሳምንታት ውስጥ በሌላ ሊተካ ይችላል፤ ልክ መሆን አለመሆንህንም እሑድ ታውቀዋለህ።

ደስ ያለኝ ደግሞ ሕጉ ነው። በነፋስ መሞከሪያው ዋሻ ከ60 በመቶ መጠን ያልበለጠ ሞዴል ብቻ ይፈቀዳል። ያሸነፈ ደግሞ የሙከራ ጊዜው ይቀነስበታል፤ አንደኛው ከመነሻው ኮታ 70 በመቶ፣ አሥረኛው 115 በመቶ ያገኛል። (ለኮንትራክተሮችም እንዲህ ያለ ሕግ በወጣ!)

ዝነኛው የውድድር መኪና ነዳፊ ኤድሪያን ኒዊ ከሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ እንደተመረቀ፣ እ.ኤ.አ. በ1980፣ በቀጥታ ፊቲፓልዲ የተባለ የፎርሙላ ዋን ቡድን ገባ። እኔ ዘግይቻለሁ፤ ደመወዙም ካሁኑ ያንሳል። ቢሆንም ፈርሜያለሁ፤ ከሰኞ ጀምሮ የኋላ ክንፍ ጥንካሬ አሰላለሁ።