የመጨረሻውን ኳስ የመታው ሰው

ቴሌቪዥን ላይ የምጮህ ሰው አይደለሁም። ያን ምሽት ግን ጮህኩ። ባለቤቴ ከመኝታ ቤት ብቅ ብላ «ምን ሆንክ?» አለችኝ። «ይሄ ሰውዬ ጉድ ሠራን!» አልኳት። ሰውዬው ጆርጂንሆ ነበር።

ለኳስ ሩቅ ለሆናችሁ ላስታውሳችሁ። ነገሩ የኳታሩ የ2022 ዓለም ዋንጫ የአውሮፓ ማጣሪያ፣ ምድብ ሲ ነው። ጣሊያን፣ ስዊዘርላንድ፣ ሰሜን አየርላንድ፣ ቡልጋሪያና ሊትዌኒያ ነበሩበት። አንደኛ የወጣው በቀጥታ ኳታር ይገባል፤ ሁለተኛው በጥሎ ማለፍ ዕድሉን ይሞክራል። ጣሊያን በዚያው ክረምት ዌምብሌይ ላይ እንግሊዝን በመለያ ምት ረትታ የአውሮፓ ዋንጫን የወሰደች ቡድን ናት። ማን ይጠራጠራታል?

በፈረንጆቹ ኖቬምበር 12 ቀን 2021፣ ሮም። ከስዊዘርላንድ ጋር 1 ለ 1 ናቸው። 90ኛው ደቂቃ ላይ ጣሊያን ፔናሊቲ አገኘች። ጆርጂንሆ መታ፤ ኳሱ ከአግዳሚው በላይ ሄደ። ከሦስት ቀን በኋላ ጣሊያን ቤልፋስት ላይ 0 ለ 0 ስትወጣ፣ ስዊዘርላንድ ቡልጋሪያን 4 ለ 0 አሸነፈች። 18 ለ 16። በማርች ወር ደግሞ ሰሜን መቄዶንያ ፓሌርሞ ድረስ መጥታ በባከነ ሰዓት በገባ ጎል ጣሊያንን ከነአካቴው አስቀረቻት።

ሁላችንም ጥፋተኛውን አገኘን። ሰውዬው በሴፕቴምበርም ባዝል ላይ ፔናሊቲ ስቶ ነበር፤ ያን ሶመር አዳነበት። ከሁለቱ አንዷ ብትገባ ጣሊያን ምድቡን ትመራ ነበር። ይህ ሐቅ ነው፣ አልክደውም።

ግን ሰንጠረዡን እስቲ ረጋ ብላችሁ እዩት። ጣሊያን ከ8 ጨዋታ አንድም አልተሸነፈችም። 13 አገባች፣ የገባባት 2 ብቻ። 4 አሸነፈች፣ 4 አቻ ወጣች። ያለቀችው በእነዚያ አቻዎች ነው። በሴፕቴምበር 2 ፍሎረንስ ላይ፣ በገዛ ሜዳዋ፣ ከቡልጋሪያ ጋር 1 ለ 1 ወጥታለች። ያን ቀን ብታሸንፍ ቤልፋስት የምትገባው በሁለት ነጥብ እየመራች ነበር። ፍሎረንስን ግን ማን ያስታውሳል? ያን ቀን ያልጮህነው «ገና ጊዜ አለ» ብለን ነው።

ይህን የማወራው ለኳስ ብዬ አይደለም። በዚያው ዓመት እሠራበት የነበረ አንድ ድርጅት ትልቅ ጨረታ አመለጠው። ሰነዱ የሚገባው እስከ ጠዋቱ 4 ሰዓት ነበር። ይዞት የሄደው ወጣት 4 ከ12 ላይ ደረሰ፤ ሳጥኑ ተዘግቷል። ልጁ ከሥራ ተሰናበተ። ስብሰባው ላይ አለቃችን «አንተስ ምን ትላለህ?» ሲለኝ «ሰዓት ማክበር ነበረበት» አልኩ።

ያላልኩት ነገር አለ። የዋጋው ሰነድ ከሰኞ ጀምሮ እኔ ጠረጴዛ ላይ ነበር። «ነገ አየዋለሁ» ስል ሰንብቼ የፈረምኩት ዓርብ ጠዋት፣ በጨረታው ቀን ነው። ልጁ ፖስታውን ከእጄ ሲቀበል 3 ሰዓት ከ20 ሆኖ ነበር። ሰኞና ማክሰኞ የት እንደነበረ ማንም አልጠየቀም። እኔም አልተናገርኩም።

ልማዳችን ይኸው ነው። መኪና ሲገለበጥ ሾፌሩን እንይዛለን፤ ፍሬኑ ይቀየር ሲባል «ለሚቀጥለው ወር» ያለውን ግን አንፈልገውም። ሒሳብ ሲጎድል ገንዘብ ያዧን እናስራለን። የመጨረሻው ሰው ጥፋት የለበትም አላልኩም። ግን እሱን ስንቀጣ ሌሎቻችን ነጻ የወጣን ይመስለናል፤ በሚቀጥለው ዓመትም እዚያው ጉድጓድ ውስጥ እንገባለን።

ባዝል ላይ የሳተ ሰው ሮም ላይ ኳሱን ዳግም አንስቶ ነጥቡ ላይ ማስቀመጡ ራሱ ድፍረት እንደሚጠይቅ የገባኝ ቆይቶ ነው። እኔ ስብሰባ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር መናገር አቅቶኛል።

ባለፈው ሳምንት ስልኩን አፈላልጌ ደወልኩለት። ሰኞ ዕለት ሰነዱ እኔ ጋ እንደነበር ነገርኩት፤ ይቅርታም ጠየቅሁ። ትንሽ ዝም አለና «አውቅ ነበር እኮ ጋሼ። ግን እኔም በሌላ መንገድ መሄድ ነበረብኝ» አለኝ።

እሱ የራሱን ድርሻ ያን ጊዜውኑ ወስዷል። የእኔ ነው ይህን ሁሉ ዓመት የዘገየው።