እንግዳው የኛ ነበር

ከሦስት ሳምንት በፊት የድሮው የጉዞ ግሩፓችን ከእንቅልፉ ነቃ። «ዘንድሮ 130ኛው ነው። ለምን አውቶቡስ አንሞላም?» ይላል መልእክቱ፤ ከሥሩ ባንዲራና የሚጨፍሩ ሰዎች ተደርድረዋል። አንዱ ደሞ ስሜን ጠርቶ «ገንዘብ ያዥ እንደ ድሮው እሱ ነው» ብሎ ጨመረበት። ምንም ሳልመልስ ስልኬን ጠረጴዛው ላይ ደፋሁት።

በ2008 ዓ.ም. 120ኛውን የዓድዋ ድል በዓል እዚያው ዓድዋ ላይ ለማክበር የሄድነው 44 ሆነን ነው። አብዛኞቻችን ተማሪዎች ነበርን። እኔ ገና የምህንድስና አንደኛ ዓመት ነኝ፤ ኤክሴል ይችላል ተብዬ ነው ገንዘብ ያዥ የሆንኩት። የካቲት 20 ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከመስቀል አደባባይ ተነሣን። ጣርማ በር ላይ ሹፌሩ መብራት አብርቶ ዋሻው ውስጥ ሲገባ ከኋላ ወንበር ፉከራው ቀለጠ። ዋሻውን የሠራው ግን ጣሊያን ነው፤ ያውም ከ40 ዓመት በኋላ ዓድዋን ሊበቀል በመጣ ጊዜ። ልነግራቸው አሰብኩና ተውኩት። ደስታቸውን ማበላሸት መሰለኝ።

ደሴ አድረን በማግስቱ ውጫሌ ላይ ወረድን። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በጣሊያን መንግሥት በኩል መላክ «ይችላሉ» ነው የሚለው፤ ጣሊያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። አንድ ግስ። አንዷ የሕግ ተማሪ መንገድ ዳር ቆማ ይህንን ስታስረዳን ግማሹ ሰው በቆሎ ሊገዛ ሄዷል። ከዚያ አምባላጌን አውቶቡሱ እያቃሰተ ወጣው፤ ኅዳር 28 ቀን 1888 ዓ.ም. የማጆር ቶዚሊ ጦር ያለቀበት ተራራ ነው። መቀሌ ሌላ አዳር። እቴጌ ጣይቱ የእንዳ ኢየሱስን ምሽግ ምንጩን አስይዘው በውኃ ጥም ያስለቀቁበትን ኮረብታ ከሩቅ አየነው።

ዓድዋ የገባነው በዋዜማው ከሰዓት ነው። አልጋ የሚባል ነገር የለም። የከተማው ሰው እየተካፈለ ወሰደን፤ እኛ 12ቱ አንዲት እናት ቤት ደረስን። አደይ ነበር የምንላቸው፤ በትግርኛ እናቴ ማለት ነው። ውኃ ከመጣ ቀናት አልፎት ኖሮ፣ ለኛ ብለው ከሩቅ ያስቀዱት ስምንት ጀሪካን በረንዳው ላይ ተደርድሯል። እግራችንን እንድንታጠብ ግድ አሉን። እኔ ያን ውኃ እግሬ ላይ ሳፈስ ያፈርኩትን ያህል በሕይወቴ አፍሬ አላውቅም።

በማግስቱ፣ የካቲት 23፣ ልጃቸው ሳይነጋ ቀስቅሶ ሶሎዳ ተራራ ወገብ ድረስ አወጣን። በኛው ዕድሜ ነው፤ መምህር ለመሆን ይማር ነበር። ጄኔራል ዳቦርሚዳ ከሌላው ጦር ተነጥሎ የተከበበበት የማርያም ሸዊቶ ሸለቆ በየት በኩል እንደሆነ በእጁ አሳየን። እኔ የጠበቅኩት አጥር፣ ሐውልት፣ የሆነ ነገር ነበር። የሚታየው የታረሰ ማሳ ነው። ከዚያ ወርደን ዘፈንን፣ ተነሣን፣ ድምፃችን እስኪዘጋ ጮህን።

ማታ ቡና ላይ ነገርዬው ተነሣ። የአደይ አያት በጦርነቱ ጊዜ ሕፃን ነበሩ። ቤተሰቡ ጦር መጣ ሲባል እህሉን ጉድጓድ ውስጥ ቀብሮ ነው የጠበቀው፤ ክፉ ቀን የሚባለው ረኃብ ካለፈ ገና ጥቂት ዓመቱ ነበር። የጠላት ወታደርም የወገን ወታደርም ከዚያው መሬት ነው የሚበላው። እኛ በትምህርት ቤት የሰማነው ስንት ሰው እንደዘመተ ነው፤ ያ ሁሉ ሰው ምን በላ ብሎ የጠየቀ አስተማሪ አላጋጠመኝም። አደይ ግን ያወሩት እንደ ስሞታ አልነበረም።

«ድሉ የሁላችን ነው፤ እንግዳው ግን የኛ ነበር» አሉ፣ ጀበናውን ማቶቱ ላይ እያስቀመጡ። ቀጥለው ወደኔ ዞሩ። «ለበዓልማ ሁሉም ይመጣል ወደይ። አንተ በሌላ ቀን ና።»

ለክረምት እመጣለሁ አልኩ። አልሄድኩም። ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽ ግን እደውል ነበር፤ ልጃቸው ነው ስልኩን አንስቶ የሚሰጥልኝ። ከዚያ ጥቅምት 24 ቀን 2013 መጣ፤ ስልኩም ተቋረጠ። በዚያው ዓመት የካቲት 23 ምኒልክ አደባባይ ነበርኩ። «ዓድዋ!» እያልኩ ጮኼያለሁ። ዓድዋ ሰው የሚኖርበት፣ ስልክ የማይሠራበት ከተማ መሆኑ ትዝ ያለኝ ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ነው።

ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ተፈረመ፤ ቆይቶ መስመሩም ተመለሰ። ሰው ሁሉ ዘመዱን እየደወለ ሲያለቅስ አየሁ። እኔ አልደወልኩም። ቁጥሩ አለ፤ ሦስት ስልክ ስቀይር «አደይ ዓድዋ» አብሮኝ ተሻግሯል። መጀመሪያ የምሰማውን ፈራሁ፤ በኋላ ደግሞ መዘግየቴን። አንድ ወር ያልደወለ ሰው ሁለተኛው ወር ላይ ምን ይላል? በ2016 ፒያሳ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሲከፈት ከመሥሪያ ቤት ልጆች ጋር ሄድኩ፤ ፎቶ ተነሣሁ። ያኔም አልደወልኩም።

ግሩፑ የነቃ ዕለት ማታ ደወልኩ። ጠራ። ራሳቸው አነሡት። ስሜን ነገርኳቸው፤ ዝም አሉ። «የ2008ቱ፣ ተማሪው» ስላቸው «እናትህ ደኅና ናት?» አሉኝ። ደኅና ናት። «አባትህስ?» ደኅና ነው። እንዲህ እያሉ ሰላምታውን ጨረሱት፤ አንድም ጊዜ የት ነበርክ አላሉኝም። መጨረሻ ላይ የልጃቸውን ስም ጠርቼ እንዴት ነው አልኩ።

«የለም» አሉ።

ነፍስ ይማር አልኳቸው። ሌላ የምለው አልነበረኝም፤ እሳቸውም አልጨመሩም። ከጀርባቸው ዶሮ ሲጮኽ ይሰማኛል።

«ለበዓሉ ትመጣላችሁ?» አሉ ቆይተው።

«ልጆቹ ያስባሉ። እኔ ግን ከበዓሉ በኋላ ብመጣ ነው የሚሻለኝ፣ አደይ። ብቻዬን።»

«እንግዲያው ቀኑን አስቀድመህ ንገረኝ» አሉኝ። «ውኃ አስቀድቼ ልቆይ።»