ፍንጣሪው አጥር ሲሻገር

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

የብየዳ ቤቱን ንግድ ፈቃድ ማውጣትህን እናትህ ነግራኝ ደስ ብሎኛል። ስለ ማሽንና ስለ ቱቦላሬ ዋጋ አንተ ታውቃለህ። ይህን የምጽፍልህ ብየዳ በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ስለሚገባው ኢንሹራንስ ነው።

እ.ኤ.አ. ማርች 26 ቀን 2014 በአሜሪካ ቦስተን ከተማ፣ ቢከን ጎዳና ላይ፣ ሠራተኞች የብረት መደገፊያ እየበየዱ ነበር። ሥራው እዚህ ማንኛውም ብየዳ ቤት የሚሠራው ዓይነት ተራ ሥራ ነው። ቀኑ ግን ኃይለኛ ነፋስ ነበረው። ፍንጣሪው የጎረቤቱን ሕንፃ ጀርባ አቀጣጠለ፤ ሊያጠፉ የገቡ ሁለት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ከምድር ቤቱ መውጣት አቅቷቸው ሞቱ። ለሥራው ከከተማው ፈቃድ አልወጣም ነበር። የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤቱም በያጆቹን የቀጠረው ድርጅት እሳት የመከላከል አሠራር እንዳልነበረውና ሠራተኞቹን እንዳላሠለጠነ ገለጸ። ዓቃቤ ሕግ ወንጀል አላገኘበትም፤ የፍትሐ ብሔር ክስ ግን አልቀረለትም።

የእኛም ሕግ አይምርም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2028 መሠረት በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ሰው ይክሳል። ቁጥር 2130 ደግሞ ሠራተኛ በሥራው ላይ ሳለ ላደረሰው ጉዳት አሠሪውን ተጠያቂ ያደርጋል። ኤሌክትሮዱን የያዘው ረዳቱ ቢሆንም ባለ ብየዳ ቤቱ «እኔ እዚያ አልነበርኩም» ብሎ አያመልጥም። ተጎጂው ለመክሰስ ሁለት ዓመት አለው።

ኢንሹራንስ ሲባል አብዛኛው ሰው የሚታየው የመኪና ሦስተኛ ወገን ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ስለሆነ። ለብየዳ ቤት ግን ትራፊክ መንገድ ላይ አቁሞ ወረቀት የሚጠይቀው የለም። የእሳት ኢንሹራንስ የገባ በያጅም «ተሸፍኛለሁ» ብሎ ይቀመጣል። ያ ፖሊሲ የሚተካለት የራሱን ማሽንና ላሜራ ነው። የጎረቤቱ ቆርቆሮ ቤት ሲነድ የሚከፍለው የኃላፊነት መድን የሚባለው ነው።

እሱም ቢሆን ሁሉን አይሸፍንም። ለብየዳ የገባ የደንበኛ ፒካፕ እዚያው ግቢ ውስጥ ቢቃጠል፣ በበያጁ እጅ ያለ ንብረት ነው ተብሎ ብዙ ጊዜ ከሽፋኑ ውጭ ይሆናል። በደንብ ያልተበየደውን በር መልሶ ለመሥራት የሚወጣውን ወጪ ኩባንያው አይከፍልም። ተገጥሞ የተረከቡት በር ከወር በኋላ ከማጠፊያው ተገንጥሎ ልጅ ላይ ቢወድቅ፣ ካሳው የሚገኘው ከርክክብ በኋላ ያለው ጊዜ በፖሊሲው ተጨምሮ ከሆነ ነው። ረዳቱ ራሱ ቢጎዳ ደግሞ ሌላ ሽፋን ያስፈልጋል፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪውን ጥፋት ባይኖርበትም ተጠያቂ ያደርገዋልና። ከሁሉ የሚያሳስበው ግን የሥራው ቦታ ነው። በርና መስኮት የሚገጠመው ደንበኛው ቤት ሆኖ ሳለ ፖሊሲው የሚጠቅሰው የሱቁን አድራሻ ብቻ ከሆነ፣ ዓረቦኑ በከንቱ እንደተከፈለ ቁጠረው።

ካሳ ለማግኘት መሟላት ያለባቸው የጥንቃቄ ቅድመ ሁኔታዎችም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1996 በጀርመን ዱሰልዶርፍ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ከተርሚናሉ በላይ ባለው መንገድ ላይ ሲበየድ የወረደ እሳት ኮርኒስ ውስጥ የነበረውን ፎም አቀጣጥሎ 17 ሰው ሞቷል። ከላይ የሚበይደው ሰው ከታች ያለውን አያይም። የአሜሪካ ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር በያጁ ዙሪያ እስከ 11 ሜትር ድረስ ተቀጣጣይ ነገር እንዲነሳ ወይም እንዲሸፈን፣ ሥራው ካለቀ በኋላም ቢያንስ ለ1 ሰዓት ጠባቂ እንዲቆም የሚጠይቀው ለዚህ ነው። ብዙ መድን ሰጪዎች ይህን የመሰለ ግዴታ ፖሊሲው ውስጥ ይጽፋሉ፤ ያልፈጸመም ካሳውን ሊከለከል ይችላል። ማሽን እንደጠፋ ገመድ ጠቅልሎ መሄድ ለለመደ በያጅ ይህች አንድ ሰዓት ትከብዳለች። ዋጋዋን ከደንበኛው ሒሳብ ላይ አስቀድሞ መጨመር ይሻላል።

ስለዚህ ልጄ፣ ከመፈረምህ በፊት ከሱቅ ውጭ ያለው ሥራ፣ ከርክክብ በኋላ ያለው ጊዜና የረዳቱ ጉዳት መሸፈናቸውን ጠይቅ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበል። ለአንድ አደጋ የሚከፈለው ጣሪያ ስንት እንደሆነ፣ ከራስህ ኪስ የሚወጣውም ስንት እንደሆነ ተመልከት። የፖሊሲው ቋንቋ ከከበደህ ቅዳሜ ይዘኸው ና፤ አብረን እናነበዋለን።

አባትህ