ዓይን የሚዳስሰው ግድግዳ

ቅዳሜን ከልጆችዎ ጋር የት እንደሚያሳልፉ ካልወሰኑ፣ መካኒሳ ወደሚገኘው ዞማ ሙዚየም ጎራ ይበሉ። ቢቻል ፀሐይ አናት ላይ ሳትወጣ በጠዋት ይሂዱ፤ ምክንያቱ ግድግዳው ፊት ሲቆሙ ይገባዎታል።

ሙዚየሙን የመሠረቱት አንትሮፖሎጂስቷ መስከረም አሰግድና ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ ሲሆኑ፣ ለሕዝብ የተከፈተው በ2011 ዓ.ም. ነው። ቤቶቹ የተሠሩት አያቶቻችን በሚያውቁት ጭቃና ጭድ ነው። ጭዱ ጭቃው ሲደርቅ እንዳይሰነጣጠቅ አጥብቆ ይይዘዋል። ግድግዳው ግን እንደተለመደው ልሙጥ አይደለም፤ ጎበጥ፣ ሰርጎድ፣ ጠምዘዝ እያለ ቅርጽ ወጥቶለታል። የጠዋት ብርሃን ከጎን ሲያርፍበት እያንዳንዱ ጉብታ የራሱን ጥላ ይጥላል። ሠዓሊዎች ቴክስቸር የሚሉት ይህንኑ ነው፦ የአንድ ነገር ገጽ ሻካራ ይሁን ለስላሳ፣ እጅዎን ሳይሰነዝሩ በዓይንዎ ሲሰማዎት።

እኔ ያደግሁት በጭቃ ቤት ነው። እናቴ ለበዓል ግድግዳውን ስትለቀልቅ የጣቶቿ ፈለግ እዚያው ይቀር ነበር። ቤታችን በሲሚንቶ ሲለሰን ከሁሉም በላይ የተደሰትኩት እኔ ነበርኩ፤ የጭቃ ቤት ልጅ መባል ያሳፍረኝ ነበርና። ዞማ ውስጥ ልጄ ግድግዳውን አይታ «ይሄን ሁሉ በእጅ ነው የሠሩት?» ስትለኝ፣ በሲሚንቶው ሥር የቀሩት የእናቴ ጣቶች ትዝ አሉኝ። ያን ቀን ስለ አያቷ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳላፍር ነገርኳት።

ኤልያስ በተጣሉ የኤሌክትሪክ ሽቦዎችና የኮምፒውተር ቁርጥራጮች በሚሠራቸው ሥራዎችም ይታወቃል። ከሩቅ ሲታዩ ከአውሮፕላን ላይ የሚታይ የእርሻ መሬት ይመስላሉ፤ ጠጋ ሲሉ ግን ተጎንጉኖ የተደረደረ ሽቦ ነው። ስለዚህ ማንኛውንም የሥነ ጥበብ ሥራ ሲያዩ ልጆችዎን መጀመሪያ ራቅ፣ ቀጥሎ ጠጋ አድርገው ያሳዩዋቸው። በእጅ ለመንካት ግን አስቀድመው ፈቃድ ይጠይቁ።

ቤት ሲመለሱ ደግሞ መንካት እንደ ልብ ነው። ስስ ወረቀት በሰፌድ፣ በቅጠል ጀርባ ወይም በሳንቲም ላይ ያንጥፉ። ልጆቹ የሰም ከለራቸውን በጎኑ አጋድመው ቀስ ብለው ይሹበት። ከሥር ያለው ነገር ወረቀቱ ላይ ብቅ ይላል። ሰፌዱን የሰፉት እናትዎ ወይም አያትዎ ከሆኑ፣ ከቀለሙ ጋር የሚወጣው የእሳቸው እጅ ነውና ታሪካቸውንም አብረው ይንገሯቸው።