ያላየነው አገር

በሲያትል ከተማ፣ ቼሪ ስትሪት በተባለው ጎዳና ከሚገኙት ያገራችን ምግብ ቤቶች በአንደኛው ውስጥ፣ የላሊበላን ቤተ ጊዮርጊስ ከላይ ወደ ታች የሚያሳይ አሮጌ የቱሪስት ማስታወቂያ በግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ከሥዕሉ ግርጌ የሰፈረው፣ አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ላገራችን ቱሪዝም ያወጡት «የ13 ወር ፀሐይ» የሚለው ዝነኛ መፈክር ነው። እኛ ከሥሩ ተቀምጠን ስንበላ ውጭው ከጠዋት ጀምሮ ያካፋ ነበር፤ በዚህ ከተማ ከጥቅምት ወዲያ ፀሐይ ማለት እንደ ዘመድ ደብዳቤ አልፎ አልፎ የምትመጣ ናት።

የነገሩ ሁሉ መነሻ ይህ ማስታወቂያ ነው። በአጠገባችን ካለው ገበታ የነበሩ አንዲት በዕድሜ የገፉ አሜሪካዊት፣ ጡረታ የወጡ መምህርት፣ ኢትዮጵያውያን መሆናችንን ባወቁ ጊዜ ፊታቸው በራ። በ2019 (እ.ኤ.አ.) ከወዳጆቻቸው ጋር በቡድን ሆነው አሥራ አራት ቀን አገራችንን እንደ ጎበኙ ነገሩን፤ ባሕር ዳርን፣ ጎንደርን፣ አክሱምን፣ ላሊበላን በቅደም ተከተል ጠሩልን። ቀጥለውም፣ «ከአሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት እናንተ የምታስበልጡት የትኛውን ነው?» ሲሉ ጠየቁን። ስድስት ነበርን። ከስድስታችን አንዳችንም ላሊበላን አላየንም። ዝምታው ሲረዝም አንዱ ጓደኛችን ግድግዳውን ሰረቅ አድርጎ ተመለከተና «ቤተ ጊዮርጊስን» አለ።

የባሰው ገና ነበር። ጎንደር ተወልዶ ያደገው ጓደኛችን ስለ ፋሲል ግንብ በተጠየቀ ጊዜ፣ ወደ ትምህርት ቤት ሲመላለስ ዓመታት ሙሉ በአጥሩ ሥር አለፈ እንጂ አንድም ቀን ወደ ውስጥ እንዳልዘለቀ ለማመን ተገደደ። ሴትዮዋ ቅን ሰው ስለ ነበሩ አልሳቁበትም። እኛ ግን ወደየቤታችን ስንመለስ ነገሩ እንደ እሾህ ይወጋን ጀመር።

ምክንያት መደርደር አያቅተንም። የሰሜኑ የጉብኝት መሥመር በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሲዘረጋ በአውሮፕላን ለሚመጣ እንግዳ እንጂ ለድኃ ተማሪ የታሰበ አልነበረም። በኋላም መንገዱን ጦርነት ዘጋው። ዛሬ ደግሞ በኪሳችን ያለው የስደተኛ የጉዞ ሰነድ ወደ ብዙ አገር ያስኬደናል፤ ወደ አገር ቤት ግን የሄደ እንደ ሆነ ጥገኝነቱ ራሱ ጥያቄ ውስጥ ይገባል። እንግዲህ አሜሪካዊቷ መምህርት የሚሄዱበት ለእኛ የማይሄዱበት ነው።

ስለዚህ ማኅበራችን በአንድ የጥቅምት ቅዳሜ የራሱን ጉብኝት እንዲያደርግ ተስማማን። ያለንበትን ከተማ ጥንታዊ ሥፍራዎች እንደ ጎብኚ ልናይ፣ በየደረስንበትም ከየትውልድ ቦታችን የመጣ ምግብ ልንበላ ነው። ደንቡ አንድ ብቻ ነበር፤ በምግብ ቤት ሰሌዳ ላይ የተጻፈ ነገር አይመጣም።

ከፓዮኒር አደባባይ ጀመርን። በ1889 (እ.ኤ.አ.) የተነሣው ታላቅ እሳት የከተማውን እምብርት ካወደመ በኋላ መንገዶቹ ከፍ ተደርገው ስለ ተሠሩ የጥንቱ ምድር ቤት ከእግረኛው በታች ቀርቷል። ጎንደሬው ጓደኛችን፣ «እነዚህም ላሊበላ አላቸው፤ ልዩነቱ የኛው ተፈልፍሎ የነሱ ተቀብሮ መሆኑ ነው» አለን። ዝናቡን በመሸሽ በ1909 (እ.ኤ.አ.) ከተሠራው የብረት ዳስ ሥር ተጠግተን የአጋሜዋ እኅታችን ጥሕሎዋን አወጣች፤ በሁለት ጥርስ እንጨት እየተወጋ ወጥ ውስጥ የሚነከር የገብስ ድቡልቡል ነው። አሠራሩን ልጅ ሳለች አልተማረችም። በጦርነቱ ዘመን ከ2020 እስከ 2022 (እ.ኤ.አ.) ስልክ ተቋርጦ የእናቷን ድምፅ ሳትሰማ ብዙ ወራት ከረመች፤ መሥመሩ በተከፈተ ቀን ሁለቱም መጠየቅ የፈሩት ጥያቄ ብዙ ስለ ነበር፣ እናት ገብሱ እንዴት እንደሚቆላ ሲያስረዱ፣ ልጅ ስትጽፍ ሰዓቱ አለቀ። ያን ወረቀት ዛሬም በቦርሳዋ ይዛዋለች።

የአርሲው ልጅ ጩኮ አመጣ፤ የተቆላ ገብስ ዱቄት በቅመም ቅቤ ታሽቶ የሚዘጋጅ፣ በእውነትም የመንገደኛ ስንቅ ነው። የሐረሩ ጓደኛችን ከቡና ቅጠል የሚፈላውን ቁጢ በፔርሙስ ይዞ መጣ። የደሴው ወንድማችን ሥራ ውሎ ማታ ደረሰልን። የአዲስ አበባው ልጅ ብዙ ተጨንቆ ፓስታ በእንጀራ አቀረበ፤ ተከራክረንበት ደንቡን እንዳልጣሰ ወሰንን። ጎንደሬው ግን በይፋ ጣሰ፤ ዶሮ ወጥ ይዞ መጣ። ያውም በአሥራ ሁለት ብልት ሊገነጠል የሚገባው ዶሮ ከሱፐርማርኬት በተገዛ እግር ብቻ የተሠራ ነበር።

በፓይክ ፕሌስ ገበያ ብዙ አልቆየንም። የዓሣ ሻጮቹን ውርወራ ቆሞ የሚያየው ሕዝብ መተላለፊያ አልሰጠንም። በ1907 (እ.ኤ.አ.) በተከፈተው በዚህ ገበያ አትክልት ከሚሸጡት ገበሬዎች ብዙዎቹ ጃፓናውያን እንደ ነበሩ፣ በ1942 (እ.ኤ.አ.) ግን መደባቸው ባዶ እንደ ቀረ ካነበብን በኋላ የሚቀጥለውን ማየት ቸኩለን ነበርና።

የሚቀጥለው በ1910 (እ.ኤ.አ.) የተሠራው ፓናማ ሆቴል ነው። በሻይ ቤቱ ወለል ላይ መስተዋት ተገጥሟል። ጎንበስ ብሎ በመስተዋቱ ያየ፣ በምድር ቤቱ ጨለማ ውስጥ ሻንጣና ሣጥን ተደራርቦ ያያል። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በየካቲት 1942 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ትእዛዝ የሲያትል ጃፓናውያን ከቤታቸው ሲነቀሉ፣ በእጅ ከሚያዘው የተረፈውን ዕቃ እዚህ አኖሩት፤ እነርሱም መጀመሪያ ወደ ፑያለፕ፣ ከዚያም በአይዳሆ ወደሚገኘው የሚኒዶካ ሠፈር ተወሰዱ። ከጦርነቱ በኋላ ሳይመለሱ የቀሩት ዕቃ እስከ ዛሬ አለ።

አይዳሆ የሚለውን ስም ስንሰማ እርስ በርሳችን ተያየን። በየኩሽናችን ባለው የጤፍ ዱቄት ከረጢት ላይ የተጻፈው ይኸው ስም ነው። ኢትዮጵያ ሠርቶ የተመለሰው አሜሪካዊ ዌይን ካርልሰን በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጤፍን ማልማት የያዘው በዚያው በአይዳሆ፣ በስኔክ ወንዝ አገር ነው። አንዱ መታሰሪያ ያደረገው ምድር ለሌላው እንጀራ ሆነ።

ከኛ መካከል አንዷ በአዲስ አበባ በአክስቷ ቤት ስለ ቀረ የመጻሕፍት ሣጥን መናገር ስትጀምር፣ የአርሲው ልጅ አቋረጣት። እነዚህ ሰዎች በገዛ አገራቸው፣ ብዙዎቹም ዜጎች ሆነው ሳለ የታሠሩ ናቸው፤ የራሳችንን ብሶት በነርሱ ሣጥን ላይ አንጫን አለ። ክርክሩ ሻይ እስኪቀዘቅዝ ዘለቀ። እኛ ልጁ ልክ ነው እንላለን፤ ይሁንና ከመስተዋቱ ላይ ቀድሞ የተነሣ አልነበረም።

ማታ በሬኒየር ጎዳና አጠገብ ያስተናገዱን፣ ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዚህ ከተማ የሚኖሩ ጋሼ የምንላቸው ሰው ናቸው። የዋልንበትን ስንነግራቸው፣ «እኔ አገሬን ያየሁት በዘመቻ ነው» አሉ። በ1967 ዓ.ም. ስልሳ ሺህ ያህል ተማሪዎችና መምህራን በዕድገት በኅብረት ወደ ገጠር ሲዘምቱ እሳቸው ጨንቻ ደረሳቸው። «እንጀራ የማይበላ ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለኝም ነበር፤ ልጆቼ። መጀመሪያ ቆጮውን ስበላ አልወደድኩትም፤ ሲሰጡኝ ግን የሰጡኝ ከጎደለ ቤት ነው።» የእንሰቱ ግንድ እንዴት እንደሚፋቅ፣ እንዴት በጉድጓድ ተቀብሮ ለወራት እንደሚብላላ፣ ተክሉም እስኪደርስ ዓመታት እንደሚፈጅ በናፕኪን ላይ እየሣሉ አሳዩን። ከዚያም ጠየቁን፦ «ታዲያ ቆጮ ያመጣ ማነው?»

ማንም አልነበረም። አገራችንን በምግብ እንዞራታለን ብለን ስድስት ሰዎች ስንሰበሰብ ከደቡብ አንድ ሰው እንኳ አለመጥራታችንን ያወቅነው በዚያች ሰዓት ነው። የማስታወቂያው ጉብኝት በባሕር ዳር፣ በጎንደር፣ በአክሱምና በላሊበላ ያበቃል ብለን ስንታዘብ ውለናል፤ የኛውም ዝርዝር ጨንቻ አልደረሰም።

የማኅበራችን ጸሐፊ በቃለ ጉባዔው ላይ ሁለት ነገር መዝግቧል። አንደኛው በሚመጣው ጉዞ ቆጮ የሚያውቅ ሰው ቀድሞ እንዲጋበዝ ነው። ሁለተኛው፣ መምህርቷ የላሊበላንና የጎንደርን ፎቶግራፎቻቸውን በቤታቸው ሊያሳዩን ስለ ቀጠሩን የሚሄዱት እንዲመዘገቡ ነው። የፋሲል ግንብን ከውስጥ ለማየት ከሁላችን ቀድሞ ስሙን ያስጻፈው ጎንደሬው ነው።