ተጠቃሹ ማነው?

በኤረር በር ስናልፍ ሪቻርድ በርተንን የምናስታውስ ስንቶቻችን ነን? እንግሊዛዊው ተጓዥ እ.ኤ.አ. በ1855 መጀመሪያ በዚሁ በር ገብቶ ዐሥር ቀን ያህል ቆየ፤ በ1856 መጽሐፉን አሳተመ። በውስጡ የጉዞው ታሪክ፣ የአገሩ ሁኔታ፣ የሐረሪ ቋንቋ ሰዋስውም ከነቃላቱ አለበት። ስለዚህ የታሪክም፣ የጂኦግራፊም፣ የቋንቋም ተመራማሪ እስከ ዛሬ ይጠቅሰዋል። ቮልፍ ሌስላውም በ1963 የሐረሪን ሥርወ ቃል መዝገበ ቃላት አወጣ፤ የሴም ቋንቋዎችን የሚያጠኑ ይጠቅሱታል።

የተመራማሪ ክብደት የሚለካው ባሳተመው ብዛትና ሌሎች ስንት ጊዜ እንደጠቀሱት በመቁጠር ነው ይባላል። መልካም! ግን ቃሉን የነገሩት ሐረሪዎችስ በየትኛው ሂሳብ ይገባሉ? ለቋንቋ ትምህርት የስፌት ስሞችን ስሰበስብ፣ በበሩ አጠገብ የሚኖሩ አንዲት እናት አንድ በአንድ ከነገሩኝ በኋላ፣ «ልጄ፣ ከማን ሰማህ ቢሉህ ምን ትላለህ?» አሉኝ። ፈቃዳቸውን ጠይቄ ስማቸውን ከገጹ ራስ ላይ ጻፍኩ።

እኛ እጩ መምህራን ነገ በየገጠሩ ተረቱን፣ የዕፅዋቱን ስም፣ የመንደሩን ታሪክ መመዝገባችን አይቀርም። ታዲያ መጽሐፍ እንደምንጠቅስ ሁሉ የነገረንንም ሰው እንጥቀስ! መጥቀስ ዕዳ መክፈል ነውና።